የጽዋው ተራራ፣ የማሰሮው ጅረት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች የጃፓን ሸክላን ይመለከታሉ፤ በተለይም ገላውን የሚሸፍነውን መስታወት መሰል ልባስ። ልባሱን በስቱዲዮ እንደሚጠራው «ግሌዝ» እንለዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ዋሽንግተን በሚገኘው ፍሪር ሙዚየም ‹ቺጉሳ› የምትባል ቡናማ ማሰሮ አየሁ። ሥዕል የለባት፣ ወርቅ የለባት። ጓዳዬ ውስጥ ባገኛት ጤፍ እሞላባት ነበር። አብራኝ የነበረች ጃፓናዊት ባልደረባዬ ግን ‹መልክዓ ምድሩን እይው› እያለች ስታስቆመኝ ዋለች። የቱ ነው መልክዓ ምድሩ?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤፍ ቢሞሉባትም ከታሪኳ ብዙ አይርቁም። ቺጉሳ በ13ኛው ወይም በ14ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ቻይና የተሠራች ተራ የዕቃ መያዣ ናት። ጃፓን ከገባች በኋላ የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ ሆነች፤ ስምም ወጣላት፤ «ሺህ ዕፅዋት» እንደማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የሻይ ሥነ ሥርዓት ሰዎች ስለ ቁመናዋ፣ ስለ ጭቃዋና ስለ ግሌዟ በማስታወሻ ደብተሮቻቸው ጽፈዋል። ፍሪር የገዛት በ2009 ነው።

ባልደረባዎ ያለችው ቃል በጃፓንኛ «ኬሺኪ» ነው። በተራ ንግግር በመስኮት የሚታየው ተራራና ሜዳ ማለት ነው። የሻይ ሰዎች ቃሉን ወስደው እሳት፣ አመድና ዕድሜ በሸክላ ላይ የተዉትን ምልክት ሁሉ ጠሩበት፤ የግሌዙን ፍሰት፣ የቀለሙን መለዋወጥ፣ ስንጥቁን፣ የሠሪውን የጣት ዱካ፣ ኋላ የተጠገነበትን መስመር ጭምር። ሠሪው ያመቻቻል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የእቶኑ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ነገሩ ደመና አይቶ «አንበሳ ይመስላል» እንደማለት ይመስለዋል፤ ማሰሮው ላይ የተራራ ቅርጽ ይፈልግና ሲያጣ ይሰለቻል። ተመሳሳይነቱ ያለው ከቅርጹ ይልቅ በአፈጣጠሩ ነው። ተራራ ላይ ውሃ ወደ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይጠራቀማል፣ ነፋስ ያመጣው አፈር በአንድ ወገን ይከመራል። የቀለጠ ግሌዝም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ማሰሮ ሲያዩ «ምን ይመስላል?» ከማለት በፊት «ይህ እዚህ እንዴት መጣ?» ብለው ይጠይቁ።

በሺጋራኪ ማሰሮ ላይ እንሞክረው። ሺጋራኪ ከቢዋ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በሺጋ ግዛት ያለች የሸክላ አገር ናት፤ ከቢዘን፣ ቶኮናሜ፣ ኤቺዘን፣ ሴቶና ታንባ ጋር «ስድስቱ ጥንታዊ እቶኖች» ከሚባሉት አንዷ። ማሰሮው እቶን ሲገባ ምንም አልተቀባም። እቶኑ ለቀናት በጥድ እንጨት ይነዳል። አመዱ በእሳቱ ነፋስ እየተነዳ ወደ ምድጃው በዞረው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ አቧራ ጣሪያ ላይ እንደሚያርፈው። ሙቀቱ 1,200 ዲግሪን ሲያልፍ የአመዱ ካልሲየምና ፖታሲየም የጭቃውን ሲሊካ (የአሸዋን ዋና ማዕድን) ያቀልጡታል፤ ድብልቁም መስታወት ይሆናል።

አሁን ከላይ ወደ ታች ያንብቡት። ትከሻው ላይ አመዱ ወፍሮ አረንጓዴ ኩሬ ሠርቷል፤ አየር ባነሰው እሳት ውስጥ ያለፈ ብረት ነው አረንጓዴ ያደረገው። ኩሬው ሲሞላ በሆዱ ላይ በጅረት በጅረት ይወርዳል። ጅረቱ በቆመበት ጫፍ ጠብታው ወፍሮ እንደ ዶቃ ይንጠለጠላል። ይህን አረንጓዴ መስታወት ጃፓኖች «ቢዶሮ» ይሉታል፤ መስታወት ከሚለው የፖርቱጋል ቃል የተወሰደ ነው። በጅረቶቹ መካከል ነጫጭ ጠጠሮች ብቅ ብቅ ብለዋል፤ የሺጋራኪ ጭቃ ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ፍንካች ስላለበት ነው፤ «የሸርጣን ዓይን» ይባላሉ። ማሰሮውን ያዙሩት። ጀርባው አመድ አላገኘም፤ እሳቱ ብቻ ልሶት እንደ ቀይ አፈር ቀልቷል። እግሩ ፍም ውስጥ ተቀብሮ ስለቆየ ጠቁሯል። ዝናብ የሚመታውን የተራራ ፊትና ዝናብ የማያገኘውን ጀርባ በአንድ ማሰሮ አዩ ማለት ነው።

ቅርጹም ጭምር የገጠመበት ጊዜ አለ። በጃፓን ብሔራዊ ሀብት ከተባሉት ስምንት የሻይ ጽዋዎች በራሷ በጃፓን የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከመልክዓ ምድር ነው። አንዱ ሆናሚ ኮኤፁ (1558–1637) የሠራው፣ ናጋኖ ግዛት ሱዋ ውስጥ ሰንሪትዝ ሃቶሪ ሙዚየም ያለው «ፉጂ ተራራ» ነው። ነጭ ሊሆን የነበረው ጽዋ ታችኛው ግማሹ እቶን ውስጥ ጠቁሮ ወጣ፤ ላይኛው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ በረዶ የለበሰ ጫፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ቶኪዮ፣ ሚትሱይ መታሰቢያ ሙዚየም የሚገኘው «ኡኖሃናጋኪ» ነው። ኡኖሃና ነጭ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ሲሆን ስሙ የዚህ አበባ አጥር ማለት ነው። በብረት ቀለም የተሰመሩት ቡናማ መስመሮች አጥሩ፣ ከላያቸው የፈሰሰው ወፍራም ነጭ ግሌዝ አበባው ናቸው።

ፍሪር ተመልሰው ሲሄዱ ቺጉሳን ከፊት ብቻ አይዩአት። ግሌዙ የቆመበትን ዳርቻ ይከተሉ፤ የት ቸኮለ፣ የት ዘገየ፣ እርቃኑን የቀረው ጭቃ ከየት ይጀምራል?

«አስተማሪያችን ግሌዙ በቀዳዳ የተሞላ ሥራ ሲወጣ ‹ተበላሽቷል› ብሎ ይጥላል። በመጻሕፍት የማያቸው የጃፓን ‹ሺኖ› ጽዋዎች ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተበሳሱ ናቸው፤ ይወደሳሉም። የእኛው ጉድለት የእነሱ ውበት የሆነው በምን ሒሳብ ነው?» — የሥነ ጥበብ ተማሪ፣ አዲስ አበባ

አስተማሪዎ አልተሳሳቱም፤ ጃፓኖቹም አላጭበረበሩም። ቀዳዳው በሁለቱም ዘንድ የሚፈጠረው በአንድ መንገድ ነው፤ ጋዝ ከጭቃው ሲወጣ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ይፈነዳል፣ ግሌዙም ቁስሉን ሳይደፍን ይጠጥራል። ልዩነቱ ግሌዙ ያልደፈነበት ምክንያት ላይ ነው።

የሺኖ ግሌዝ ከሞላ ጎደል ፌልድስፓር ብቻ ነው፤ ተፈጭቶ በወፍራሙ ይቀባል። ፌልድስፓር ሲቀልጥ እንደ ማር ዝልግልግ ነው፤ አይፈስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአረፋው አፍ ክፍት ይቀራል፤ ጠርዙ ግን ለቀናት በዘለቀው እሳት ለስልሶ ክብ ይሆናል። ጣትዎን ቢያሳልፉበት አይቧጭርም። ግሌዙ በሳሳበት፣ በከንፈሩና በጣት ዱካው ዙሪያ፣ ብረቱ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ቀልቶ እንደ ንጋት ያለ ብርቱካናማ ቀለም ይሰጣል። ቀዳዳው፣ ውፍረቱና ቅላቱ ከአንድ ምክንያት የመጡ ስለሆኑ ይስማማሉ። ስቱዲዮአችሁ ውስጥ ግን የሚያብረቀርቅ ተራ ግሌዝ በችኮላ ተተኩሶ ሲበሳሳ ቀዳዳው ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ቆሻሻ የሚይዝ ነው። ያ በቃ ጉድለት ነው።

ሺኖ በማን አገር እንደተሠራ ራሱ ለረጅም ጊዜ በስህተት ይታመን ነበር፤ ሴቶ ይባል ነበር። ሸክላ ሠሪው አራካዋ ቶዮዞ በ1930 በጊፉ ግዛት፣ ሙታቦራ በተባለ የድሮ እቶን ፍርስራሽ ላይ የሺኖ ገል አገኘና የሚኖ (የጊፉ ደቡብ የድሮ ስም) ሥራ መሆኑ ታወቀ። ገል ብሎ መናቅ አይገባም፤ የግሌዙ ውፍረት እንደ ተቆረጠ ዳቦ በጎን የሚታየው በገል ላይ ነው።

ለሌሎቹ ምልክቶችም ምክንያትና ቦታ ይጠይቁ። በግሌዙ ውስጥ ያለ የፀጉር መረብ የመሰለ ስንጥቅ ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው ይበልጥ ስለሚኮማተር የሚመጣ ነው፤ ሐጊ በሚባለው የጃፓን ጽዋ ውበት ነው፣ የታሸገ ምግብ በሚቀመጥበት ዕቃ ግን ጉድለት ነው። ግሌዙ ተሰብስቦ ጭቃውን እርቃን ሲያስቀር፣ እግሩ አጠገብ ከሆነ እንደ ተሰነጠቀ ደረቅ መሬት ደስ ይላል፤ የሻይ መምቻው የቀርከሃ መጥረጊያ በሚዞርበት ወለል ላይ ከሆነ ግን ሻይ አይመታም፣ መጥረጊያውም ይበላል። ግሌዙ ከከንፈሩ በስለታም ፍርፋሪ እየተነሳ የሚወድቅ ከሆነ ማንም ምንም ቢል ይጣል፤ መስታወት ነው፣ ይጠጣልና። ጽዋውን በጣት ጥፍር አንኳኩተው ድምፁ የታፈነ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁ ከግሌዙ አልፎ ጭቃው ውስጥ ገብቷል።

ከደንቡ የወጣም አለ። ቶኪዮ ጎቶ ሙዚየም ያለው፣ የሺጋራኪ ጎረቤት በሆነችው ኢጋ የተሠራ የውሃ ማሰሮ «ያቡሬቡኩሮ» ይባላል፤ «የተቀደደ ከረጢት» ማለት ነው። እቶን ውስጥ ሆዱ አዘምሞ፣ ተሰንጥቆ ቁጭ ያለ ነው። ተማሪ ይህን ሠርቶ ቢያቀርብ ማርክ አያገኝም። ግን ስንጥቁን፣ የትከሻውን አረንጓዴና ያዘመመውን ሆድ አብራችሁ ስታዩ ክብደቱ ሁሉ ወዴት እንደሄደ ይታያል፤ ማሰሮው የተቀደደው እዚያው ላይ ነው።

«ሐይፋ በሚገኘው ቲኮቲን የጃፓን ጥበብ ሙዚየም የተዋወቅኋቸው ሰዎች ለሻይ ጋበዙኝ። ጽዋውን ተቀብሎ ማየት ሥርዓት አለው ይላሉ። እንዳላፍር አስረዱኝ።» — ከሐይፋ

ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ረጅም ሐብል አውልቀው ይግቡ፤ ግሌዝ የሚጭረው እሱ ነው። ጽዋው ሲቀርብ «ፊቱ»፣ ማለትም አስተናጋጁ የመረጠው መልክዓ ምድር፣ ወደ እርስዎ ይዞራል። በቀኝ እጅ አንስተው በግራ መዳፍ ላይ ያሳርፉት፤ ፊቱ ላይ ላለመጠጣት ሁለት ጊዜ በትንሽ በትንሹ በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩት። (ይህ ኡራሰንኬ የሚባለው የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ ሌሎቹ ትንሽ ይለያሉ።) ሲጨርሱ ከንፈር የነካበትን በጣትዎ ጠርገው ወደ ቦታው ይመልሱት።

ማየቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጽዋውን ምንጣፉ ላይ ያስቀምጡ፤ ሁለት እጅዎን መሬት ላይ አድርገው መጀመሪያ ቁመናውን በሩቁ ይዩ። ቀጥሎ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው በሁለት እጅ ዝቅ አድርገው ያንሱት፤ ቢያመልጥዎ እንኳ የሚወድቀው አንድ ስንዝር ነው። ውስጡን ይዩ፤ ወለሉ ላይ የተጠራቀመ ግሌዝ ካለ የተራራ ኩሬ ይመስላል። በመጨረሻ ገልብጠው እግሩን ይዩ። ብዙውን ጊዜ ግሌዝ የማይደርስበት እግሩ ስለሆነ ጭቃው ራሱ ምን እንደሆነ የሚናገረው እዚያ ነው። በእንግዶች ፊት ዋጋ አይጠየቅም፤ የት ተሠራ፣ ስሙስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ግን ይጠበቅብዎታል።

«ስቱዲዮአችን የኤሌክትሪክ እቶን አለው፤ ግቢያችን ደግሞ የባሕር ዛፍ አመድ ሞልቶታል። የአመድ ግሌዝ ልሠራ ብነሳ ከየት ልጀምር? ያ የሚፈሰው መልክ ይወጣልኛል?» — ከአዲስ አበባ

ይወጣል፤ አረንጓዴው ግን አይወጣም። አረንጓዴው አየር ያነሰው እሳት ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ እቶን ውስጥ አየር አለ። እርስዎ የሚያገኙት ከገለባ ቢጫ እስከ ማር ያለውን ነው፤ እሱም አያስከፋም።

አመዱ በደንብ ነድዶ የነጣ ይሁን፤ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ምስማርና ላስቲክ የነደደበትን አይጠቀሙ። ደረቁን በወንፊት ነፍተው ከሰልና ጠጠሩን ያውጡ፤ በዚህ ጊዜ የአፍንጫ ጭንብል ግድ ነው። ከዚያ በባልዲ ውሃ ውስጥ ያማስሉት። የሚንሳፈፈውን ከሰል ጨልፈው ይጣሉ፣ እስኪዘቅጥ ያሳድሩት፣ ቢጫውን ውሃ ይድፉ፣ ደግመው ውሃ ይሙሉ። ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። የአመድ ውሃ እጅ ይበላል፤ ያለ ጓንት አይንኩት። ጨርሶ እስኪጠራ ማጠብም አይመከርም፤ ለማቅለጥ የሚያግዘው ፖታሲየም አብሮ ይሄዳል። ጭራሽ ሳያጥቡ መጠቀምም ይቻላል፤ ግን ጨው እየሟሟ ስለሚወጣ የባልዲው ባሕርይ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል፤ ዛሬ ያገኙትን ነገ አይደግሙትም። በመጨረሻ በኢንች 60 ቀዳዳ ባለው ወንፊት እርጥቡን አሳልፈው ጨርቅ ላይ ያድርቁት።

አምስት ኩባያ ያዘጋጁ። በእያንዳንዱ 100 ግራም ደረቅ ድብልቅ ይሁን፤ አመድና ፌልድስፓር 30 ለ70፣ 40 ለ60፣ 50 ለ50፣ 60 ለ40፣ 70 ለ30። ለ100 ግራም ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረው ከአጥሚት ቀጠን እስኪል ያማስሉ።

መሞከሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛ ከሆነ ምንም አይማሩም፤ ፍሰት የሚታየው በቆመ ነገር ላይ ነው። ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ሰቅ ለከፍተኛ ሙቀት ከሚሆን ጭቃ ይሥሩና 1,000 ዲግሪ ላይ አንድ ጊዜ ይተኩሱት። አቧራውን በእርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉ፤ ግሌዝ ተሰብስቦ እርቃን የሚተወው ብዙውን ጊዜ አቧራና የጣት ቅባት ስላለ ነው። ለሦስት ሰከንድ ይንከሩት፣ ሲደርቅ የላይኛውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ደግመው ይንከሩ። የታችኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቅር። ከሥሩ የጭቃ ሳህን ያድርጉ፤ የእቶኑን መደርደሪያ ደግሞ ካኦሊን (ነጭ ጭቃ) እና አሉሚና (እሳት የማያቀልጠው ነጭ ዱቄት) እኩል በእኩል በውሃ በጥብጠው ይቀቡ። ይህን የዘለለ ሰው መደርደሪያውን በመዶሻ ሲፈልጥ ይውላል።

እስከ 600 ዲግሪ በሰዓት 100፣ ከዚያ እስከ 1,000 በሰዓት 150፣ ከዚያም በሰዓት 80 ያህል እየጨመሩ 1,260 ያድርሱትና ለ20 ደቂቃ ያቆዩት። እዚህ ሙቀት ላይ ከመድረስዎ በፊት ግን የጭቃዎ ሻጭ የጻፈውን የሙቀት ልክ ይመልከቱ፤ ጭቃው ካበጠ ግሌዙ ምንም ቢያምር አይጠቅምም። መብራት ቢጠፋ እቶኑን አይክፈቱ። ግሌዙ ገና ሳይቀልጥ ከሆነ፣ በቀጣዩ ቀን ከመጀመሪያው ደግመው ቢተኩሱት ብዙ አይጎዳም። ጫፍ ላይ ደርሶ የጠፋ ከሆነ ደግሞ ተሳክቷል ብለው ይተኙ።

30 ለ70ው ወተት የመሰለ፣ በስንጥቅ መረብ የተሞላ፣ ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ይሆናል። መሃከለኞቹ ይጠራሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። አመዱ ከ60 ሲበልጥ ግሌዙ እንደ ዝናብ ማግሥት ገደል በየመስመሩ ተከፋፍሎ ይወርዳል። የፈለጉት መልክዓ ምድር ይኸው ነው፤ ግን ሙሉ ጽዋ አይንከሩበት፤ መደርደሪያው ላይ ይጣበቃል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የሚረጋውን ግሌዝ ለገላው፣ የሚፈሰውን ለትከሻው ብቻ ያደርጋሉ።

ፏፏቴ ከፈለጉ በሳጋ ግዛት የሚሠራውን ቾሰን-ካራፁ ይከተሉ፤ ጥቁር የብረት ግሌዝ ከታች፣ ነጭ የገለባ አመድ ግሌዝ ከላይ፤ በሚገናኙበት ነጩ በጥቁሩ ላይ ይወርዳል፣ በመካከል ሰማያዊና ቢጫ ብልጭ ይላል። ጥቁሩን ፌልድስፓር 40፣ ሲሊካ 30፣ ካልሲየም ካርቦኔት 20፣ ካኦሊን 10 አድርገው ቀይ የብረት ኦክሳይድ 8 ይጨምሩበት፤ 1,280 ዲግሪ ይፈልጋል። ለነጩ ፌልድስፓር፣ የእንጨት አመድና የሩዝ ገለባ አመድ ሲሶ ሲሶ ይነሱ። የገለባው አመድ ሲሊካ ስለሚበዛበት ነው ነጭነት የሚያመጣው፤ ጥቁር እያለ በሙቀጫ በውሃ እየታሸ በደንብ ይድቀቅ። የጤፍና የስንዴ ጭድም የሣር ዘር ስለሆነ ይሞከራል፤ በሩዙ ምትክ በዚያው ሚዛን በጭፍን አያስገቡት፣ አምስቱን ሰቅ ይድገሙ። ሁለቱ የሚደራረቡበት ወርድ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ ከሰፋ ፏፏቴው እግሩን አልፎ ይሄዳል።

«ታዲያ ለጀበናና ለእንስራ ይህ ግሌዝ ለምን አልተለመደም?» — ከባሕር ዳር

ሙቀቱ አይፈቅድም። ጀበና በአብዛኛው የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በእንጨት፣ በጭድና በኩበት ነው፤ እሳቱ ከ900 ዲግሪ በታች ይቀራል። አመድ መስታወት የሚሆነው ከ1,200 በላይ ነው፤ የጀበናው ጭቃ ደግሞ እዚያ ከመድረሱ በፊት ይለዝባል፣ ይንጋደዳል። በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ የእርሳስ ግሌዝ አለ፤ መርዝ ስለሆነ ለሚጠጣበት ዕቃ ከቶ አይሞከር።

ግሌዝ ባይኖርም ኬሺኪ ግን አለ። በኦካያማ ግዛት የሚሠራው የቢዘን ሸክላ ምንም ግሌዝ አይቀባም፤ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይነድበታል። በዕቃው ዙሪያ የሩዝ ገለባ ይጠመጠማል፤ የገለባው ፖታሲየም ከጭቃው ብረት ጋር ተዋህዶ የእሳት ገመድ የመሰለ ቀይ መስመር ይተዋል። እንስራ ላይ ኩበቱ የነካበት ጥቁር ጥላ የሚቀረውም ማገዶ ጭቃውን ስለነካው ነው። ገዢ ግን ወጥ ቀለም ያለውን ስለሚመርጥ ያ ጥላ የሌለበት ቀድሞ ይሸጣል።

«የሐጊ የሻይ ጽዋ በስጦታ አገኘሁ። ውሃ ሳደርግበት ከሥሩ ጠረጴዛውን ያረጥባል፤ ውስጡም በወር ውስጥ ቡናማ መረብ አወጣ። ተታልዬ ነው?» — ከዱባይ

አልተታለሉም። በያማጉቺ ግዛት የሚሠራው የሐጊ ሸክላ ጭቃው ልልና ውሃ የሚጠጣ ነው፤ ግሌዙም በስንጥቅ መረብ የተሞላ ነው። ሻይ በስንጥቁ ገብቶ ቀስ በቀስ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ ይህን «የሐጊ ሰባት ለውጥ» ይሉታል። ለሐጊ ወዳጆች ጽዋው የሚያልቀው እቶን ውስጥ አይደለም፣ ጠጪው እጅ ላይ ነው።

ማንጠባጠቡን ግን መቀነስ ይቻላል። ሩዝ የታጠበበትን ነጭ ውሃ ድስት ውስጥ ያድርጉ፤ ጽዋውን ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይንከሩት፤ በቀስታ ለ20 ደቂቃ ያንተክትኩትና እዚያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። የሩዙ ስታርች ቀዳዳውን ይደፍናል። የፈላ ውሃ ውስጥ በድንገት ከከተቱት ይሰነጠቃል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ይድረቅ። ሁልጊዜ ሻይ ከማፍሰስዎ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ያጠጡት፤ ጭቃው ንጹሕ ውሃ ከጠገበ ሻዩን ያን ያህል አይስብም። በሳሙና አይጠቡት፤ ሽታው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ማይክሮዌቭና ዕቃ ማጠቢያ ማሽንም አይገባም።

የዱባይ ሰው በአየር ማቀዝቀዣ የደረቀ መስሎት ቶሎ ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ እግሩ ግን ገና እርጥብ ነው፣ ይሻግታል። ገልብጠው ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት። ከሻገተ በአንድ ማንኪያ ሶዳ ውሃ እንደላይኛው ያንተክትኩትና ያድርቁት። ቡና አያድርጉበት፤ ቅባቱ መረቡን በአንድ ሳምንት ያጠቁረዋል፣ ያ ለውጥ አይወጣም።

«ገበያ ላይ ‹በእንጨት እሳት የተተኮሰ ሺጋራኪ› እየተባለ የሚሸጠው ስንቱ እውነት ነው? በፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል?» — ከፍራንክፈርት

ሁሉንም አይቻልም፤ አስመሳዩን ግን መንስኤውን በመጠየቅ ብዙ ጊዜ ይይዙታል። አመድ ከላይ የሚወርድ ነው፤ ስለዚህ በትከሻ፣ በከንፈር ጫፍና በእጀታ ጀርባ ላይ ይበዛል፣ ከከንፈሩ ሥር ይሳሳል። አረንጓዴው ዙሪያውን እኩል ወፍሮ ከወረደ ምናልባት ተረጭቶ ይሆናል። ጅረቶቹ ወደ ጎን የሚሄዱ ከሆነ ግን አይፍሩ፤ ዕቃው እቶን ውስጥ በጎኑ ተኝቶ ነበር። እንዲህ ከሆነ በሌላው ጎን የተደገፈበት ምልክት ሊኖር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የባሕር ዛጎል ቅርጽ ነው። ዛጎሉ ጭቃ ተሞልቶ ከዕቃው ሥር ይደረጋል፤ በእሳቱ ኖራ ሆኖ በውሃ ሲታጠብ ይፈርሳል፤ ሽንትሩ ብቻ ይቀራል። ጅረቱ ወደ ጎን ሄዶ ምልክቱ ከሌለ ሻጩን ይጠይቁ።

ሦስት ፎቶ ይጠይቁ፤ የፊቱን፣ የጀርባውንና የእግሩን። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ፤ ብልጭታ ያለው ፎቶ የግሌዙን ውፍረት ያጠፋል። ሻጩ ተመሳሳይ ጽዋ አሥር ካለው ጎን ለጎን ይዩአቸው፤ በአሥሩም ላይ ጠብታው ያው ቦታ ከቆመ የፋብሪካ ሥራ ነው። የእንጨት ሣጥንና የሠሪው ጽሑፍ ያለበት ከሆነ ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ሣጥን ከዕቃ ተለይቶ ይሸጣልና ጽዋው በሣጥኑ ውስጥ በልኩ መግባቱን ይጠይቁ። ጀርባውን ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ከገጠመዎ፣ አመድ ያላገኘው፣ እሳት ብቻ ያለፈበት ወገን የሚታየው እዚያው ስለሆነ፣ ገንዘብዎን አይክፈሉ።